በበዓል ሰሞን ወደ ስዊድን መምጣት ለምትፈልገው እኅታችን

ከሀዋሳ የጻፍሽው እኅቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ወንድምሽ ኦሬብሮ ከተማ ይኖራል፤ ከባንኩ ሥራሽ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ፈቃድ ታገኛለሽ፤ «የስዊድኖችን በዓል በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁና በየትኛው ወር ብመጣ ይሻላል?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ «ሰኔ ላይ ነይ፣ ሚድሶማር የሚሉት የበጋ አጋማሽ በዓላቸው አለ» ብለው አልፈዋል። ምክራቸው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በዚህች ምክር ብቻ የመጡ ዘመዶቻችን በበዓሉ ቀን ዝግ ሱቅና ባዶ መንገድ ሲያዩ ውለው «ይኼ ነው እንዴ በዓላቸው?» ሲሉ ስለሰማሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዕድሜዬም እዚህ አገር የኖርኩበት ዘመንም ስለሚፈቅድልኝ አንቺ ብዬሻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዢ፤ ስዊድኖች በዓል የሚያከብሩት በዋዜማው ነው። ገናቸው ዲሴምበር 25 ተብሎ ቢጻፍም ምግቡ የሚበላው፣ ስጦታው የሚከፈተው፣ ዘመድ የሚሰበሰበው በ24 ነው። ሚድሶማር በቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ የሚታተመው ቅዳሜው ሲሆን ጭፈራውና ገበታው ዓርብ ነው። የፋሲካቸው ዋና ገበታም ቅዳሜ ላይ ይዘረጋል። በቀይ የታተመውን ቀን አይተሽ ትኬት ከቆረጥሽ የምትደርሺው ሰዎቹ ደክሟቸው ሲያርፉ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ አብዛኛው በዓላቸው የቤት በዓል መሆኑ ነው። የበጋ ቤት ያለው ወደ በጋ ቤቱ፣ የሌለው ወደ ወዳጁ ይሄዳል፤ ከተማው ጭር ይላል። አዲስ አበባም በበዓል ቀን ጭር ትላለች፤ ነገር ግን እዚያ ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብሎ ይጠራሻል። እዚህ ቀደም ብሎ ያልተጠራ ሰው ደጅ አያንኳኳም። ስለዚህ የትኛው በዓል ያምራል ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት፣ እንግዳ ሰው ሳይጠራ ሊገባበት የሚችለው የትኛው እንደሆነ ብትጠይቂ ይሻልሻል። እኔም በዚያ መንገድ ነው የምመልስልሽ።

ሚድሶማርን እናንሳ። ዱሮ የሚውለው የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት በሚከበርበት በጁን 24 ነበር። ከ1953 ወዲህ ግን ዋዜማው ሁልጊዜ ዓርብ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከጁን 19 እስከ 25 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውለው ዓርብ ማለት ነው። በእኛ ከሰኔ 12 እስከ 18 መሆኑ ነው። በቅጠልና በአበባ የተሸፈነ ረጅም ምሰሶ በገመድና በድጋፍ እንጨት እየተገፋ ይቆማል፤ ከዚያ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ክብ ሠርቶ ይዞረዋል። እንደ እንቁራሪት እየዘለሉ የሚዘፍኑት ዘፈን አላቸው፤ ክራባት ያሠረ ትልቅ ሰው መሬት ላይ እንደ እንቁራሪት ሲንደረደር ስታዪ ሳቅሽን መቆጣጠር ያቅትሻል፤ አትቆጣጠሪው፣ እነሱም ይስቃሉ። ያላገቡ ልጃገረዶች ማታ ሰባት ዓይነት አበባ በዝምታ ለቅመው ትራስ ሥር ቢያደርጉ የወደፊት ባላቸውን በሕልም ያያሉ ይባላል። የእኛም መስከረም 1 ቅዱስ ዮሐንስ እየተባለ፣ ልጃገረዶቻችን አበባ ይዘው ሲዞሩበት የምናውቀው በዓል ስለሆነ፣ ሐበሻ በሚድሶማር ሜዳ ላይ ባዕድነት አይሰማውም።

ታዲያ የት ታዪዋለሽ? ስቶክሆልም ከሆንሽ ስካንሰን ሂጂ። አርቱር ሃሴሊዩስ የሚባል ሰው በ1891 የከፈተው፣ ከመላው አገሪቱ የተነቀሉ አሮጌ ቤቶች ተሰብስበው የተተከሉበት፣ ደጅ ላይ እየተዘዋወሩ የሚያዩት ሙዚየም ነው። ትኬት ገዝተሽ ትገቢያለሽ፣ ምሰሶው ሲቆም ታያለሽ፣ ትጨፍሪያለሽ። ቱሪስት ይበዛበታል፤ ግን ለእንግዳ የተዘጋጀ ስለሆነ አትቸገሪም።

እኔ ግን ወንድምሽ መኪና ካለው ዳላርና የሚባለውን ክፍለ ሀገር አስበልጣለሁ። ሌክሳንድ ከኦሬብሮ ከሦስት ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። እዚያ ሳምልስዳል በሚባል ሸለቆ ውስጥ፣ ከአገሪቱ ረጃጅሞች የሚቆጠር ምሰሶ ማምሻውን ይቆማል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ዳገቱ ላይ ተቀምጦ ያያል፤ የቫዮሊን ተጫዋቾች ከፊት እየመሩ ይገባሉ፤ ብዙ ሴቶች የየደብራቸውን የባህል ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። የሚነጠፈው ምንጣፍ፣ የሚቀርበው ቡና፣ የሕፃናቱ ሩጫ ሁሉ የጃንሜዳን ጥምቀት ያስታውሰኛል፤ ታቦቱና ጸሎቱ ግን የለም። መኪና ማቆሚያ ቀደም ብሎ ይሞላልና ከሰዓት በኋላ እንድትደርሱ አድርጉ። ዓርቡ ካመለጣችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ የዳላርና መንደሮች ምሰሷቸውን የሚያቆሙት ሁሉም በአንድ ቀን አይደለም፤ አንዳንዶቹ እስከ ጁላይ ድረስ ይቆያሉ። የትንሽ መንደር ምሰሶ ደግሞ ከትልቁ ይልቅ ይጣፍጣል፤ ሰው ካነሰ «እስቲ አንቺም ያዢልን» ይሉሻል።

ምግቡ በሆምጣጤና በስኳር የተዘፈዘፈ ሄሪንግ ዓሣ፣ በእንስላል የተቀቀለ አዲስ ድንች፣ ጎምዛዛ ክሬም፣ በመጨረሻም እንጆሪ ነው። የምትጾሚ ከሆነ ይህ ሰሞን ብዙ ጊዜ ጾመ ሐዋርያት ውስጥ ይውላል፤ ድንቹና እንጆሪው ይበቃሻል። በነገራችን ላይ ስዊድን ለጿሚ ሰው ምቹ አገር ናት። ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ «ቬጋን» ተብሎ በየሱቁና በየምግብ ቤቱ ተጽፎበት ስለሚሸጥ፣ የእኛን ጾም ማስረዳት ሳያስፈልግሽ «ቬጋን ነኝ» ብትይ ሁሉም ይገባዋል። ዓሣን በተመለከተ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ፤ እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

የዝናብ ልብስ ይዘሽ ነይ። ሚድሶማር ዝናብ የማያጣው በዓል ነው፤ እነሱም የዝናብ ልብሳቸውን ደርበው ይጨፍራሉ። ፀሐይዋ ስቶክሆልም ላይ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ጠልቃ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣለች፤ ጥቁር መጋረጃ የሌለው ቤት ካደርሽ እንቅልፍ አይወስድሽም።

አሁን ብዙዎች የማይስማሙበትን ልናገር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሐበሻ ከሚድሶማር ይልቅ የሉሲያ ሰሞን ይሻላል። «በዲሴምበር ጨለማ? በዚያ ብርድ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አዎ፣ ፀሐይዋ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። ነገር ግን በዓሉ ራሱ የተሠራው ለዚያ ጨለማ ነው። ሉሲያ የሲራኩሷ ሰማዕት ናት፤ ቀኗ ዲሴምበር 13፣ በእኛ ታኅሣሥ 4 ነው። በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ዘመን ይህች ሌሊት የዓመቱ ረጅሟ ሌሊት እንደሆነች ይታመን ነበር። ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ወገቧን በቀይ መቀነት የታጠቀች፣ በራሷ ላይ የሻማ አክሊል የደፋች ልጅ ከፊት ትመራለች፤ ነጭ የለበሱ ሌሎች ልጆች ሻማ ይዘው ይከተላሉ፤ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ድምፃቸው ከሩቅ እየቀረበ ይመጣል። በነጠላና በጧፍ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ግን በሩ ክፍት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ የሉሲያ ዝማሬ አለ፤ አንዳንዱ ነፃ፣ አንዳንዱ በትኬት ነው። ስቶክሆልም አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያንና የኡፕሳላው ካቴድራል የታወቁ ናቸው፤ የእነዚህ ትኬት ቶሎ ያልቃል። ኦሬብሮም ውስጥ አታጪም። በየትምህርት ቤቱ፣ በየሆስፒታሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሳይቀር ጠዋት ጠዋት ሉሲያ ይዞራል፤ ወንድምሽ ልጆች ካሉት በመዋዕለ ሕፃናታቸው ግቢ በጨለማ ቆመሽ የምታዪው ከካቴድራሉ ይበልጥብሻል። ሳፍሮን የገባበት ቢጫ ዳቦ፣ የዝንጅብል ብስኩትና ግሎግ የሚሉት በቅመም የሞቀ ወይን ይቀርባል፤ ግሎጉ አልኮል የሌለበትም አለው። ዳቦው ቅቤና ወተት አለበት፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ጿሚዎች ቤት ውስጥ ያለ ቅቤ ይጋግሩታል፤ የእኛ ቤቱ አይታማም።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ታተርፊያለሽ። ዲሴምበር 10 አልፍሬድ ኖቤል የሞተበት ቀን ነው፤ ሽልማቱ ስቶክሆልም ውስጥ ይሰጣል። የሰላሙ ብቻ ኦስሎ ነው፤ አገራችን ላይ ብዙ ሰው ይህን ያምታታል። እራቱ ያለ ግብዣ አይገባም፤ ከ2020 ወዲህ ግን በዚያ ሳምንት የከተማዋ ሕንፃዎችና ድልድዮች ላይ የብርሃን ትርዒት ይታያል፣ ክፍያ የለውም። ስካንሰን ደግሞ ከ1903 ጀምሮ የገና ገበያ አለው። ዬቭሌ የምትባል ከተማ ከ1966 ጀምሮ በየዓመቱ 13 ሜትር የሚያህል የጭድ ፍየል አደባባይ ላይ ታቆማለች፤ ፍየሉን ማቃጠል ወንጀል ቢሆንም ብዙ ዓመት ገና ሳይደርስ ተቃጥሏል። በ2023 ደግሞ እሳት ሳይነካው ቁራ መሳይ ወፎች ጭዱ ውስጥ የቀረውን እህል እየለቀሙ ገሸለጡት። አገሩ ሁሉ «ዘንድሮ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም?» እያለ ይከታተላል። በባቡር ከስቶክሆልም ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ ለዚያ ብቻ ብለሽ ግን አትሂጂ፣ ፍየል ነው።

ፈቃድሽ ከረዘመ የእኛንም ገና እዚሁ ታከብሪያለሽ። ጃንዋሪ 6 የእነሱ ኤጲፋንያ፣ በሕግ የታወቀ ዕረፍት ነው። ቀኑ በእኛ ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ ማለት ስለሆነ፣ ማታ ሰው ሁሉ ሥራ ሳይገባ ቤተ ክርስቲያን ለማኅሌት ይቆማል። የማግስቱ ሥራ ግን አይቀርም፤ ያልተኛ ዓይን ይዞ ወደ ፋብሪካ የሚገባ ሐበሻ በዚያ ጠዋት በየአውቶቡሱ ታዪያለሽ።

ግርግር የምትወጂ ከሆነ ኤፕሪል 30ን አስቢ፤ ቫልቦርይ ይባላል፣ ሚያዝያ 22 ነው። በመላው አገሪቱ ማታ ትልቅ እሳት ይነዳል፤ ደመራ የለመደ ዓይን «ቄሱ የታሉ?» ማለቱ አይቀርም፤ ክረምትን መሸኛ እንጂ መስቀል የለበትም። ቦታው ኡፕሳላ ነው። ተማሪዎች ጠዋት ራሳቸው የሠሩትን አስቂኝ ታንኳ ይዘው በፊሪስ ወንዝ ፏፏቴ ላይ ይወርዳሉ፤ ግማሹ ይገለበጣል፣ ሕዝቡ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ካሮሊና ሬዲቪቫ ከተባለው ቤተ መጻሕፍት ሰገነት ላይ የዩኒቨርሲቲው መሪ ነጭ ቆብ ሲያውለበልቡ፣ ታች የቆመው ሕዝብ ሁሉ የተማሪነት ቆቡን ያነሣል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌዎች ያረጀ ቆባቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ መናፈሻው ውስጥ መጠጡ ይበዛል፤ ማታውን ከተማ ውስጥ ከማምሸት አሮጌው ኡፕሳላ ሄዶ እሳቱን ማየት ይሻላል። ብርዱ ገና አልወጣምና ወፍራም ልብስ ያዢ።

ጁን 6 ብሔራዊ ቀናቸው ነው። ጉስታቭ ቫሳ በ1523 ንጉሥ ሆኖ የተመረጠበት ቀን ቢሆንም የዕረፍት ቀን የሆነው በ2005 ነው፤ እነሱም እስካሁን ምን እንደሚያደርጉበት ግራ እንደገባቸው ናቸው። ለእኛ ሰዎች ግን ትርጉም አለው፤ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች አዲስ ዜግነት ያገኙትን የሚቀበሉት በዚያ ቀን ነው። የሚቀበሉት ዘመድ ካለሽ ሂጂ፤ ከሌለሽ አይደለም።

ኦገስት ላይ ጎትላንድ ደሴት ላይ የቪስቢ የመካከለኛው ዘመን ሳምንት አለ፤ ከ1984 ጀምሮ በዓመቱ 32ኛ ሳምንት ይካሄዳል። ከተማዋን ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ጥንታዊ ቅጥር ከቧታል፤ ሰዉ ሁሉ የዚያን ዘመን ልብስ ለብሶ፣ ፈረሰኛው ጦር ሲሰብቅ፣ አንጥረኛው ብረት ሲቀጠቅጥ ይውላል። የዴንማርኩ ንጉሥ ቫልደማር በ1361 ከተማዋን የያዘበትን ታሪክ ያስታውሳሉ። የሐበሻ ቀሚስ ለብሰሽ ብትሄጂ ማንም አያፈጥብሽም፤ እንዲያውም ከብዙዎቹ ልብስ የአንቺው እውነተኛ ሆኖ ይታያል። መርከቡ ከኒነስሃምን ወደብ ሦስት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። ማደሪያ ከወራት በፊት ካልያዝሽ በዚያ ሳምንት ደሴቱ ላይ አልጋ አታገኚም።

በዚያው ወር ክሬይፊሽ የሚባለው ሸርጣን መሳይ የውኃ ፍጥረት ድግስ አላቸው፤ የወረቀት ቆብ ደፍተው፣ እየዘፈኑ፣ ዛጎል እየሰበሩ ይበላሉ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት ስለሆነ ኦርቶዶክሳዊ አይበላውም፤ በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው። ብትጠሪ ግን ሂጂ፣ ዳቦና አትክልት ይኖራል። «መጠጥሽን ይዘሽ ነይ» ቢሉሽ ስድብ እንዳይመስልሽ፤ ልማዳቸው ነው። በተባለው ሰዓት፣ በደቂቃው ድረሺ፤ በር ላይ ጫማሽን አውልቂ። በቆርቆሮ ውስጥ የኮመጠጠውን ዓሣ ከፍተው የሚያሸቱሽ ከሆነ ደግሞ የመስኮት አጠገብ ወንበር ያዢ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሙዚቃ ከሆነ የምትፈልጊው፣ ጎተንበርግ ውስጥ ዌይ አውት ዌስት የሚባለው ከ2007 ጀምሮ በኦገስት ይካሄዳል፤ ከ2012 ወዲህ ግቢው ውስጥ ሥጋ አይሸጥም። ማልመ ከተማም በዚያው ወር ሰፊ የጎዳና ፌስቲቫል አላት፤ መግቢያው ነፃ ነው። ሁለቱንም ለወጣቶች እተዋለሁ።

ሩጫ ለምትወድ ሐበሻ ግን ሰኔ ላይ ስቶክሆልም የሚካሄደውን የዳይመንድ ሊግ ውድድር ሳልጠቅስ አላልፍም። የሚካሄደው ለ1912ቱ ኦሊምፒክ በተሠራው የጡብ ስታዲየም ነው፤ ስታዲየሙ ትንሽ ስለሆነ የአትሌቶቹን ትንፋሽ ትሰሚያለሽ። ባንዲራ ይዞ የሚመጣው የእኛ ሰው የሚያነሣውን ድምፅ ስዊድኖቹ ዞር ብለው ያዩታል። ገንዘቤ ዲባባ በ2015 የቤት ውስጥ የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚሁ ስቶክሆልም ነበር፤ እዚህ ያሉ ሐበሾች ዛሬም ያወሩታል። ውድድሩ ብዙ ጊዜ ከሚድሶማር ብዙም አይርቅም፤ ቀኑ ከገጠመልሽ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ታገናኚያለሽ።

ክረምቱን የምትደፍሪ ከሆነ የዮክሞክ ገበያ አለ፤ ከአርክቲክ ክበብ ትንሽ ወደ ሰሜን። ከ1605 ጀምሮ ያለ ሲሆን የፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ሐሙስ ተጀምሮ ቅዳሜ ያበቃል። የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች ሬንዲር የሚባሉትን የብርድ አገር አጋዘኖቻቸውን እየመሩ በገበያው መካከል ያልፋሉ፤ በሐይቁ በረዶ ላይ የሬንዲር እሽቅድምድም አለ፤ ቢላዋ፣ የቆዳ ሥራ፣ የደረቀ ሥጋ ይሸጣል። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ስልክሽ ኪስሽ ውስጥ ካልሞቀ ይጠፋል። አንድ ሳሚ ስንት ሬንዲር እንዳለው ፈጽሞ አትጠይቂ፤ እኛም አገር ከብት አርቢ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይወድም። እስከ ሉሌኦ በአውሮፕላን ወይም በሌሊት ባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። መንገዱም ማደሪያውም ውድ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርሽም፤ ሁለተኛ ስትመጪ አስቢበት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ጥሬ ብር ይዘሽ እንዳትተማመኚ። አውቶቡሱ፣ ሙዚየሙ፣ ብዙው ካፌ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው። በመንደር በዓላት ላይ ቡናና ኬክ የሚሸጡት እናቶች ደግሞ ስዊሽ በሚባለው የስልክ ክፍያ ይቀበላሉ፤ እሱም የስዊድን ባንክ ሒሳብ ይፈልጋል፤ በዚህ ወንድምሽ ይክፈል። ወይንና ጠንካራ መጠጥ የሚሸጠው በዋነኛነት የመንግሥቱ ሱቅ ሲሆን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እሑድና በዓል አይከፍትም፤ በሚድሶማር ዋዜማም ዝግ ነው። አስቤዛም ቢሆን ከዋዜማው በፊት ግዙ። የባቡር ትኬት ቀድሞ የተገዛ እንደሆነ በጣም ይረክሳል፤ ለበዓል ሰሞን ደግሞ ባቡሩም ይሞላል።

ለአንቺ እንዲህ እላለሁ፤ ፈቃድሽን ከዲሴምበር 8 ገደማ አስጀምሪ። ኦሬብሮ ትንሽ አርፈሽ፣ ስቶክሆልም ላይ የብርሃኑን ትርዒትና ስካንሰንን አይተሽ፣ ሉሲያን ከወንድምሽ ቤተሰብ ጋር አሳልፊ፤ ቀን ከተረፈሽ እስከ ልደት ቆዪ። ብርድ ፈጽሞ የማይሆንልሽ ከሆነ ደግሞ ከሚድሶማሩ ዓርብ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድመሽ ግቢና ሌክሳንድ ውረጂ። የሸንገን ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማመልከት ስለሚቻል ለዲሴምበሩ ከሰኔ ጀምሮ ቀጠሮ ፈልጊ፤ የወንድምሽን የግብዣ ደብዳቤና የባንክሽን የፈቃድ ወረቀት አዘጋጅተሽ ጠብቂ። የቱን እንደመረጥሽ እዚሁ ጻፊልኝና በየቀኑ የት እንደምትሄዱ ከወንድምሽ ጋር ሆነን እናወጣለን።